ምሰሶዬ ላይ የተደገፈው ዱላ

ሐሙስ፣ ኅዳር 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት ዋርሳዬ፤
ከሟች ወንድምዎ ሚስት።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጅርቱ? ነጋዳ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከአገሬ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም። እርስዎስ እንዴት ከረሙ? ያ ሲነጋጋ የሚያፍንዎ ሳል ለቀቀዎ? ወገብዎስ? ቀዩ በሬ ተሻለው? የገበሬ ማኅበሩ ማኅተምስ ደህና ነው? ትራስዎ ሥር እንደሚያድር ስለማውቅ እሱንም እንደ ቤተሰብ ልጠይቀው ብዬ ነው። የጨፋ ማሽላ እንዴት ይዞታል? ወፉ አስተረፈላችሁ? ትልቁ ልጅዎስ ደህና ነው? ለእሱ የተለየ ሰላምታ አለኝ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እጽፈዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ የግብርናው ጓድ ይግዛው ነው። ከመኪናው አልወርድም፣ እህል ውሃም አልቀምስም ካለ አይቀየሙት። ጭነት ይዟል፤ ጭነቱም ደጅ ላይ ጥለውት የሚገቡት ዓይነት አይደለም።

ዛሬ ሐሙስ ስለሆነ ቤትዎ ሙሉ እንደሆነ አውቃለሁ። በስብሰባ ላይ ዱአ ኋላ ቀርነት ነው እያሉ ቢያስጨበጭቡም፣ ሐሙስ ሐሙስ ከእርስዎ ቤት የሚበልጥ ዱአ በከሚሴ ዙሪያ የለም። ሸህ ሙሐመድዘይን ከላይ ተቀምጠዋል፣ ሽማግሎቹ ግራና ቀኝ፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ። ባሕር ማዶ የሄደች ሴት የላከችው ደብዳቤ ደግሞ ጥግ ይዞ አይነበብም፤ በእኛ አገር ደብዳቤ የሚላከው ለአንድ ሰው ቢሆንም የሚሰማው አገሩ ሁሉ ነው። የምታነበውም ባለቤትዎ ቶይባ ናት። እርስዎ የመሠረተ ትምህርቱን ምስክር ወረቀት በመስታወት አስገብተው ሰቅለዋል፤ ፊደሉን ግን ሥራ በዝቶብዎት ለቶይባና ለእኔ ተዉልን። ቶይባዬ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሀሁ የቆጠርን እህቴ፣ እዚያው መጋረጃሽ ጀርባ ሆነሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊልኝ።

ሸህ ሙሐመድዘይን፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የምሥራቹ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። የምሥራች ደግሞ ተቆራርጦ ከተሰማ በረካው ይሄዳል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ፋቲሓ ይቅሩልኝና፣ ይህ ደብዳቤ ተነቦ እስኪያልቅ ማንም ከተቀመጠበት እንዳይነሳ፣ ማንም አንባቢዋን እንዳያቋርጥ አደራ ይበሉልኝ። ቶይባ፣ እዚህ ላይ ቆም በይ፤ ፋቲሓው ይቀራ።

ተቀራ? አሚን። ዋርሳዬም አሚን ብለዋል፤ ከሁሉ ቀድመው ሳይሉ አይቀሩም። እንግዲህ እንቀጥል።

እንዴት እንደሄድኩ ሽማግሎቹ ያውቃሉ፤ ግን ደስ ያለ ነገር ቢደጋገም ማንን ይሰለቻል? ዩጎዝላቪያ የሚባል አገር ያለ የገበሬዎች ማኅበር ከእኛ ማኅበር ጋር ወዳጅ ሆኗልና፣ በመከር ወራት ለሚያደርጉት የወይንና የወይራ ለቀማ በዓል ሁለት ሰው ይላክ የሚል ትእዛዝ ከአውራጃ መጣ። አንዱ ከግብርና፣ አንዷ ከሴቶች ማኅበር፤ የሴቷ ነገር ማንበብና መጻፍ የምትችል ትሁን ይላል። በእኛ ቀበሌ ደግሞ የምታነብ ሴት ቶይባና እኔ ብቻ ነን። ዋርሳዬ የገዛ ሚስታቸውን የወይን ጠጅ እንደ ውሃ ወደሚቀዳበት አገር ሊልኩ ነው? አስተግፊሩላህ! ባሏ የሞተባት ትሂድ፣ ለእሷ የሚቀናላት የለም አሉ። በቦታው የነበራችሁ ሰምታችኋል።

ታዲያ በነፃ አልላኩኝም። ባሌ ኑርሁሴን፣ አላህ ይዘንለትና፣ በዘመቻ ሞተ ከተባለ ወዲህ ዋርሳዬ ሦስት ጊዜ ዱላቸውን አምጥተው ከቤቴ ምሰሶ አስደግፈዋል። ሕጋችን ነው፤ ዋርሳ ዱላውን በሟች ወንድሙ ምሰሶ ላይ አስደግፎ ካደረ፣ ቤቱም መሬቱም ሴቲቱም የእሱ ናቸው። እኔም ሦስቱንም ጊዜ ዱላውን አንስቼ ከደጅ ጣልኩት። መጀመሪያ ጎረቤት ሳቀ፣ ኋላ ግን ጎረቤትም ከእኔ ሸሸ። የማዳበሪያ ክፍፍል ላይ ስሜ ጠፋ። ከብቶቼ አጥር ጣሱ እየተባሉ ታሠሩ። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ ማለት ያኔ ነበር። የጉዞው ነገር ሲመጣ ዋርሳዬ በሽማግሎች ፊት፣ ትሂድ፣ ግን ስትመለስ ኒካሕ ይታሰራል አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ደክሞኝ ነበር። ወላሂ ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት፤ ሰው እኮ ይደክመዋል። ቁልፌንም ለእሳቸው ሰጥቼ ሄድኩ። ገና አውቶቡሱ ሳይነሳ ወደ ቤቴ ሲገሰግሱ በመስኮት አየኋቸው፤ ዱላው በእጃቸው ነበር።

አዲስ አበባ ለፓስፖርቱ ከረምን። እዚያ ያየሁትን አሁን አልጽፍም፤ ተራው ይደርሳል። ከዚያ አውሮፕላን ተሳፈርን። ይግዛው ዓይኑን ጨፍኖ ቅዱስ ገብርኤልን ከክንፉ እንዳይጥለው ሲለምን፣ እኔም በበኩሌ ያሲን ስቀራ፣ እንዲህ በሁለት ሃይማኖት ተደግፈን ደረስን። የተቀበሉን ከባሕር ዳር ባለ በድንጋይ የተሠራ መንደር ነው። እዚያ የሚማር ያዲሳባ ልጅ አስተረጎመልን።

መጀመሪያ የወይኑ በዓል ነው። አጃኢብ የሚያሰኝ አገር! ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ፈረሱ ሳይቀር አበባ አድርጎ ከእርሻ ይወርዳል። ጋሪው ላይ የወይን ዘለላ እስከ አፉ ሞልቷል፤ መለከት ይነፋሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ሕፃናቱ ፊታቸው በጭማቂ ቀልቶ እየተሯሯጡ ይጨፍራሉ። እኛ አገር እህል ሲገባ ሰው ቀስ ብሎ ይመርቃል፣ ዓይን ይፈራል፤ እነሱ ግን ጎተራቸውን አደባባይ አውጥተው ያሳያሉ። ይግዛው የወይን ጠጅ ቀመሰ፣ ደገመ፣ ከዚያ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው ሆነ። አያቴ ደጃዝማች ነበሩ፣ የመሬታቸው ወሰን በፈረስ አይዳረስም እያለ ላገሩ ሁሉ አወራ። ጠዋት ነፍሱ ስትመለስ ጭንቅላቱን ይዞ፣ ይህ ነገር ከሚሴ ከተሰማ አለቀልኝ አለኝ። እኔም አብሽር፣ አልሰማሁም አልኩት። እሱም ከዚያ ወዲህ የኔን ምስጢር ይይዝልኛል። ይህን እዚህ በመጻፌም አይቆጣም፤ ጠይቄው ስቋል።

በበዓሉ መጨረሻ ሰፊ የእንጨት ገንዳ አመጡና ወይኑን ገለበጡበት። እንግዳዋ ትርገጥልን አሉ። ለእንግዳ የሚሰጥ ክብር ነው። እኔ ይህ ነገር ኋላ የሚያሰክር ኸምር አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ይግዛው ዛሬ ጭማቂ ነው፣ ስለ ነገው ነገ ይታሰባል አለኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሸህ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ወጥቼ እግሬን ደጋግሜ ታጥቤያለሁ። ግን ከገባሁ በኋላ መውጣቱን ጠላሁት። አንድ ፊት ከታች ያለ መሰለኝ፤ ዘለላው ሲፈርጥ ጉንጩ፣ ፍሬው ሲፈነዳ ዓይኑ። ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፣ ቀሚሴን በጥርሴ ነክሼ ረገጥኩ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። እንዲህ ያለች ረጋጭ በመንደራችን ታይታ አታውቅም ብለው ሻሽ ሸለሙኝ። የማን ፊት እንደነበር ትንሽ ቆይቼ እነግርዎታለሁ፣ ዋርሳዬ።

ከዚያ የወይራው ወራት ደረሰ። ሽማግሎች ሆይ፣ ወይራ እኮ ነው! ቅጠሉን አሽቼ አሸተትኩት፣ ያው የኛ ወይራ። እኛ የወተት ቅል የምናጥንበት፣ መፋቂያ የምንቆርጥበት፣ ዱላ የምናበጅበት ወይራ። እኛ ጋ ፍሬውን ወፍ ይለቅመዋል እንጂ ማን ያየዋል? እዚያ ግን ፍሬው ቴምር ያክላል። ከዛፉ ሥር መረብ ያነጥፋሉ፣ መሰላል ላይ ይወጣሉ፣ ቅርንጫፉን የሕፃን ጠጉር እንደሚያበጥር ሰው በመንሽ ያበጥሩታል፤ ፍሬው እንደ ዝናብ ይወርዳል። ማታውኑ በድንጋይ ይጨምቁትና አረንጓዴ ዘይት ይወጣዋል። ትኩስ ዳቦ በዘይቱ ነክረው አጎረሱን። የመንደሩ ሹም ተነስቶ ወይራ የሰላም ዛፍ ነው፣ ቅጠሉን ያየ ይታረቃል ብሎ ንግግር አደረገ። ሳቄ መጣ። እኛ ጋ ወይራ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዱላ ነው ብዬ ላስተርጓሚው ነገርኩት፤ ደግነቱ አልተረጎመውም።

ሰው ሁሉ ፍሬውን ሲያይ እኔ የማየው እንጨቱን ነበር። የቱ ቅርንጫፍ ይረዝማል፣ የቱ ጫፉ ላይ መንታ ሆኖ ተከፍሏል፣ የቱ የሰው ክብደት ይችላል እያልኩ ከዛፍ ዛፍ ስዞር ይግዛው አበድሽ ወይ አለኝ።

ለምን እንጨት እንደፈለግኩ ለመናገር ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ነው። ከዚህ በፊት ያለው ደብዳቤ ለጉራህ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ለጆሮህ ነው። ዋርሳዬ፣ አንቱታውም እዚህ ላይ አበቃ። ፋቲሓ የተቀራበት ነውና ቁጭ በል። ቶይባ፣ ወረቀቱን አጥብቀሽ ያዢ፤ ጣውንትሽ ልሆን ሁለት ጁምዓ የቀረኝ ሴት ነኝ፣ ስለዚህ ይህ ነገር ያንቺም ነው። አንብቢ።

ፓስፖርቱን ስንጠብቅ፣ ወደ ውጭ የሚሄዱ ልዑካን የቆሰሉ ወታደሮችን ይጎብኙ ተባለና ወሰዱን። ብርቱካንና ሳሙና ይዘን አልጋ ላልጋ እየዞርን አደልን። አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ብርቱካኑን ትራሱ ላይ አስቀመጥኩለት። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የለም። አፉ ውስጥ መፋቂያ ነበር፤ መፋቂያውን በምላሱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያዞረዋል። ቆምኩ። እንደዚያ የሚያደርግ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ አለ፣ ሳይዞር። ድምፁን ስሰማ ሳሙናው ከእጄ ወደቀ። እሱም ዘወር ብሎ አየኝና ሀዳ መና አለኝ። የቤቴ እናት ማለት ነው። እናንተ እንደምታውቁት፣ በዚህ ስም የሚጠራኝ አንድ ሰው ነበር።

ስሙን አልጽፍም። ቶይባ ስሙን አፏ ላይ ካገኘችው ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ማንበብ ያቅታታል። አንተ ግን፣ ዋርሳዬ፣ ስሙን ታውቀዋለህ። ከአንድ ጡት ጠብታችኋልና።

ያ ሰው ያለኝን ልንገርህ፤ አንተ የምታውቀውን ለሽማግሎቹ ልንገርልህ ማለቴ ነው። የዘመቻው ዕጣ የወጣው በትልቁ ልጅህ ስም ነበር። አንተ በሌሊት ወደ ቤታችን መጥተህ እግሩ ላይ ወደቅህ። ልጄ ገና ነው፣ አንተ ልጅ የለህም፣ ስለ እናታችን ብለህ ተካው አልከው። እኔ ከጓዳ ሰምቻለሁ። እሱም ያንተን እንባ አይቶ እሺ አለ። ማግስቱን ማኅተምህን አውጥተህ ስሙን በልጅህ ስም ቦታ አተምክ። ለልጅህ የተለየ ሰላምታ አለኝ ያልኩት ለዚህ ነው፤ የሄደለት ሰው እንዴት ነህ ብሎታል።

ያ ሰው ከቆሰለ በኋላ፣ አብሮት ታክሞ ወደ አገሩ የሚመለስ የሰንበቴ ሰው፣ ዑመር የሚባል፣ መልእክት ላከበት። ለወንድሜ ንገርልኝ፣ እግሬ ተቆርጧል፣ ነፍሴ ግን አለች፤ መጥቶ ይውሰደኝ፣ ለሚስቴም ይንገርልኝ አለ። ዑመር በሰንበቴ ገበያ ቀን ከብት ስትገዛ አገኘህና ነገረህ። አንተ ምን አልክ? ያ ሰው ቃል በቃል ነገረኝ፣ ትናንት በሰንበቴ ስናልፍ ያገኘነው ዑመርም ደግሞልኛል። ሚስቱ ካንድ ግመል ነጂ ጋር አግብታ ወደ ቆላ ወርዳለች በለው፤ ባንድ እግር አይታረስም፤ መንግሥት ከሚያበላው ቦታ ባይነቃነቅ ይሻለዋል በለው አልክ። ለአፉም ሙክት ሰጠኸው፤ እሱም ለቀጠሮው ሆስፒታል ሲመለስ ቃልህን አደረሰ። ዑመር ደግሞ ያኔ አላወቀብህም፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል?

ከሳምንት በኋላ ሞቷል የሚል ወሬ መጣ አልክና በሬ አርደህ ሰደቃ አወጣህ። ሽማግሎች ሆይ፣ ሁላችሁም በልታችኋል፣ በእናንተ አልፈርድም። እኔ ፀጉሬን ተላጭቼ የባል ሐዘን ወራቴን፣ ዒዳዬን ተቀመጥኩ። አንተ ግን የወንድምህን ሰደቃ በሁለት እጅህ በላህ፣ ጎድኑን መረጥክ፣ አላህ ይማረው እያልክ ጣትህን ላስክ። ያ ሰው በዚያኑ ሰዓት ሚስቴ አግብታለች ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር።

እዚህ ድረስ ውሸት ነው ልትል አፍህን ከፍተህ ይሆናል። ዝጋው። ዛሬ ጠዋት በእኔ ምክር ለኒካሕህ የሚታረድ ሙክት ይዞ የመጣ ነጋዴ አለ፤ ዋጋ ሳትከራከር ገዝተኸው፣ ዱአ አሳርግ ብለህ አስገብተኸው በር አጠገብ ተቀምጧል። ፊቱን አላስተዋልከውም፤ የገበያ ሰው ፊት አታይም። ዑመር ነው። ዑመር፣ አሁን ወላሂ በልና እውነቱን ለሸሁ ንገር። ቶይባ፣ ተናግሮ እስኪጨርስ ጠብቂው።

ተናገረ? ደህና። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በዚያ ዕለት እንባ አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ ንዴት ነው። ጉዞው ገደል ይግባ፣ ተመልሼ ጉሮሮውን ነው የምይዘው አልኩት። ያ ሰው ሳቀብኝ። ከዚያ አልጋ ላይ ሆኖ እንዴት እንደሚስቅ አላህ ይወቅ። ተይ፣ እሱ ማኅተም አለው፣ ጠመንጃ አለው፤ ብቻሽን ብትሄጂ ከዘመቻ የኮበለለ ነው ብሎ ሁለታችንንም ይበላናል፤ ቁስሌም ገና ነው አለኝ። ደሞም አለኝ፣ ደሙን አልፈልግም፣ ዓይኑን ማየት ነው የምፈልገው፤ ለዚያ ደግሞ ተኝቼ ሳይሆን ቆሜ መሄድ አለብኝ። እዚያ ክራንች የሚባለው ምርኩዝ እጥረት ነበር፤ ሦስት ሰው በአንድ ይራመዳል፣ ተራ ይጠብቃል። ወደ ባሕር ማዶ የምትሄጂ ከሆነ እንጨት ይዘሽልኝ ነይ አለኝ። እንዲህ ነው የሄድኩት። ገንዳው ውስጥ የረገጥኩት ፊት የማን እንደሆነ አሁን ገባህ? ያንተ ነው። አንድም ዘለላ አላስተረፍኩም።

ወይራ ለቀማው ላይ አንድ ሽማግሌ የደረቀ ቅርንጫፍ በመጋዝ ሲመለምል አገኘሁ። አስተርጓሚው አልነበረም። በእጄ ቅርንጫፉን አሳየሁት፣ አልገባውም። ከዚያ ቀሚሴን ሰብስቤ ቀኝ እግሬን ወደ ኋላ አጠፍኩና በአንድ እግሬ ዘለልኩለት። ለቃሚዎቹ ጭፈራ መስሏቸው አጨበጨቡ። ሽማግሌው ግን አልሳቀም። መጋዙን አስቀመጠ፣ መጥቶ ቁመቱን በእጁ ጠየቀኝ፤ እዚህ ድረስ ይደርሳል ወይ ብሎ። የባሌ ትከሻ የት እንደሚደርስ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? ጆሮዬ ላይ እጄን አድርጌ አሳየሁት። ጫፋቸው መንታ የሆነ ሁለት የወይራ ቅርንጫፎች ቆረጠ፣ በእሳት አጠገብ አደረቃቸው፣ ብብት የሚገባበትን በበግ ሌጦ አለበሰው። የሌሎቹ መንገደኞች ሻንጣ በዘይትና በጠርሙስ ሲሞላ፣ የኔ ሻንጣ እነዚህ እንጨቶች ነበሩ። የአውሮፕላኑ ሰዎች ይህ ምንድን ነው ሲሉኝ የበዓሉ ሽልማቴ ነው አልኳቸው። ውሸትም አይደል።

ስመለስ ያ ሰው ቁስሉ ደርቆ ጠበቀኝ። እንጨቱን ብብቱ ሥር ሲያስገባው ልኩ ሆነ። የመኝታ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ተራመደበት፤ ሌሎቹ አልጋቸውን እየደበደቡ አጨበጨቡለት። ያኔ አለቀስኩ።

ትናንት ከሚሴ ገባን። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለችው በወዳጄ በወለተገብርኤል ቤት አደርን፤ ጎረቤት እንዳያይ በሯን ዘግታ እየተንሰቀሰቀች እግራችንን አጠበችን። አዎን ዋርሳዬ፣ ይህ ደብዳቤ ከባሕር ማዶ የተጻፈ አይደለም። ፖስታው ላይ ቴምብር እንደሌለ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ይጠረጥር ነበር፤ አንተ ግን ቴምብርና ማኅተም የምታየው የራስህን ብቻ ነው። የጻፍኩት ዛሬ ጠዋት፣ ቤቴ ተቀምጬ ነው። ቁልፉ አንተ ዘንድ ስለሆነ መቆለፊያውን በድንጋይ ሰበርኩት። ገባሁ። ዱላህ ምሰሶዬ ላይ ተደግፏል፤ ሁለት ወር ሙሉ ቤቴን ሲጠብቅልህ ከርሟል። እንደ ድሮው ከደጅ ልጥለው አነሳሁና ዓይቼው ተውኩት። የወይራ ነው እኮ፤ ጥሩ የደረቀ ወይራ። በመጥረቢያ ከታተፍኩት፣ ፍም አደረግኩት፣ የወተት ቅሌን አጠንኩበት። ከጎረቤት የታለበ ወተት አምጥቼ ሞላሁት። ሽታው ልብ ያርሳል። ያ ሰው ከዘመቻ ወዲህ የወይራ ሽታ ያለው ወተት አልጠጣምና፣ ካንተ ዘንድ ሲመለስ ይጠጣዋል። ዱላህ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

ሸህ ሙሐመድዘይን፣ ሦስት ፈትዋ እጠይቅዎታለሁ። ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ለዋርሳ ትዳራለች? በሕይወት ያለ ሰው መሬትና ቤት ይወረሳል? በሕይወት ያለ ወንድሙን ሰደቃ የበላ ሰው የበላው ሐላል ነው ሐራም? የኔንም አይተዉ፤ ወይን ረግጫለሁና ቅጣቴን ይንገሩኝ፣ እቀበላለሁ። ወንድም ከመርገጥ ግን ይቀላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቶይባዬ፣ አንቺን በድያለሁ። በባልሽ ነውር አፍሽን አስቆሸሽኩት። ግን ሌላ ሰው ቢያነበው ኖሮ አጥፎ ኪሱ ይከተው ነበር፤ አንቺን ደግሞ ማንም ከመጋረጃ ጀርባ ገብቶ ወረቀቱን አይነጥቅሽም። አፉ በይኝ እህቴ። ጣውንት ከመሆን ወዳጅ መሆን ይሻለናል።

ዋርሳዬ፣ አንተን አልረግምህም። ብዙ ሰው በቀል ማለት ሞት መመኘት ይመስለዋል። እኔ ግን እመርቅሃለሁ። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው። ጆሮህን አይንሳህ። ጠዋት ለሱብሒ ስትነሳ፣ ያ ሰው በደጅህ በኩል ወደ መስጊድ ሲያልፍ የሁለቱን ወይራ ድምፅ ስማው፤ ማታም ሲመለስ ስማው። ልጅህ ሲያገባ ስማው፤ የልጅ ልጅህ ይህ ምን ድምፅ ነው ብሎ ሲጠይቅህ የምትመልስለት ነገር አላህ አይስጥህ። ሽማግሎቹንም አላህ ያቆይልኝ፤ የተቀመጡበት ቤት በእውነት የተሞላ ይሁን።

ጓድ ይግዛው ደጅ ላይ ጭነቱን ይዞ ቆሟል ብዬህ ነበር። እስካሁን አውርዶት ይሆናል። ፋቲሓው ደብዳቤው እስኪያልቅ ነው የያዛችሁ፤ የቀረው አንድ መስመር ነው። ሲያልቅ ተነስና ቦታህን ልቀቅ፣ ባንድ እግር ብዙ አይቆምም።

ቶይባ፣ አሁን ዝም በይና አዳምጪ። በግቢው ድንጋይ ላይ የሚያንኳኳ ነገር ከተሰማሽ፣ በሩን አንቺ ክፈቺው።

የወንድምህ ሚስት